ከሥራ በኋላ የሚከፈት መጽሐፍ፦ የቡር ዱባይ ኢንጂነሮችና የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና

የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና የሚባለው የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሰው ለማስተርስ ወይም ለዶክትሬት ትምህርት ያለውን ዝግጁነት ለመለካት የሚሰጥ መመዘኛ ነው። በሴሚስተር ማብቂያ ከሚሰጠው የዩኒቨርሲቲ ፈተና የሚለየው በብዙ ዓመታት የተከማቸን ዕውቀት በሁለትና በሦስት ሰዓት ውስጥ በፍጥነት አውጥቶ መጠቀምን ስለሚጠይቅ ነው። በኢትዮጵያ ኢንጂነሪንግ ተምሮ ወደ ተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች የተሻገረ ወጣት ይህን ፈተና ሲያስብ የሚገጥመው ችግር ካምፓስ ውስጥ ካለ ተማሪ ችግር ይለያል፤ ለካምፓሱ ተማሪ ቤተ መጻሕፍቱም፣ ጓደኛውም፣ መምህሩም ቅርብ ሲሆኑ፣ ቡር ዱባይ የሚሠራውን ግን ከሥራ የተረፈ ጊዜ፣ ከብዙ ሰው ጋር የሚጋራው ክፍልና ከተመረቀ ወዲህ ያልነካው ሒሳብ ይጠብቁታል።

ቡር ዱባይ ክሪክ ተብሎ ከሚጠራው የባሕር ሰርጥ በስተምዕራብ የሚገኝ የዱባይ ጥንታዊ ክፍል ሲሆን፣ ከማዶ ካለው ዴራ ጋር አብራ በሚባሉ የእንጨት ጀልባዎችና በሜትሮ ይገናኛል። እዚያ የሚሠሩ ብዙ ሰዎች የቤት ኪራይ ረከስ ይላል በማለት በሌሎቹ ኤምሬቶች በሻርጃና በአጅማን ያድራሉ፤ ሌሎች ደግሞ ቤድ ስፔስ በሚባለው፣ አንድ አልጋ ብቻ በሚከራዩበት አኗኗር ከተማዋ ውስጥ ይቆያሉ። በዚህ ሕዝብ መካከል በሲቪል፣ በመካኒካል፣ በኤሌክትሪካልና በኬሚካል ኢንጂነሪንግ የተመረቁ ኢትዮጵያውያን ይገኛሉ፤ ከፊሎቹ በሙያቸው፣ ከፊሎቹም ከሙያቸው ርቀው በሽያጭ፣ በጥበቃና በሆቴል ሥራ ላይ ተሰማርተዋል። ለእነዚህ ሰዎች ወደ ትምህርት መመለስ ወደ ሙያቸው መመለሻ መንገድ ነው። መንገዱን የሚዘጋባቸውም በአብዛኛው የችሎታ ማነስ ሳይሆን የዛገ ዕውቀትና የተበጣጠሰ ሰዓት ስለሆነ፣ ዝግጅቱ መጀመር ያለበት እነዚህን ሁለቱን በመረዳት ነው።

የትኛው ፈተና?

በመጀመሪያ የሚመጣው ውሳኔ የሚፈተኑትን ፈተና መምረጥ ነው፤ የፈተናዎቹ ይዘት የተራራቀ በመሆኑ ለአንዱ የተደረገ ዝግጅት ለሌላው በከፊል ብቻ ይጠቅማልና።

ወደ አገሩ ተመልሶ መማር የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው አገር አቀፍ የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ነው። ቀደም ሲል ዩኒቨርሲቲዎች አመልካቾቻቸውን በየራሳቸው ይፈትኑ የነበረ ሲሆን፣ ለ2016 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ግን በትምህርት ሚኒስቴር አማካይነት በአገር ደረጃ አንድ የጋራ ፈተና ሥራ ላይ ውሏል። ይህ ፈተና በ2015 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ከተጀመረው የመውጫ ፈተና ጋር መምታታት የለበትም። የመውጫ ፈተና ተመራቂው በሙያው የተማረውን የሚለካና ቢያንስ 50 በመቶ ማምጣትን የሚጠይቅ ሲሆን፣ የድህረ ምረቃ መግቢያው ግን ከትምህርት ክፍል ይልቅ የቋንቋ፣ የቁጥርና የትንተና ማመዛዘን ችሎታን ይመዝናል።

ወደ ሌሎች አገሮች ወይም እዚያው ኤምሬቶች ውስጥ ላሉ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች ለማመልከት የሚያስብ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጋፈጠው ጂአርኢ የተባለውን፣ ኢቲኤስ በተሰኘው የአሜሪካ የፈተና ድርጅት የሚዘጋጀውን ፈተና ነው። አቡ ዳቢ የሚገኘው ኻሊፋ ዩኒቨርሲቲ ለኢንጂነሪንግ ማስተርስ አመልካቾች በዚህ ፈተና የቁጥር ክፍል ዝቅተኛ ነጥብ ሲጠይቅ ቆይቷል። በዚያው ከተማ በ2019 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የመሐመድ ቢን ዛይድ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ዩኒቨርሲቲ ደግሞ አመልካቾቹን በሒሳብ፣ በፕሮግራሚንግና በማሽን ለርኒንግ በራሱ የኢንተርኔት ፈተና ይለያል። ዱባይ ውስጥ ያሉት የብሪታንያ ዩኒቨርሲቲ ቅርንጫፎች፣ ማለትም በ2005 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ሄሪየት ዋትና በ2018 እ.ኤ.አ. የተከፈተው በርሚንግሃም፣ በብዙዎቹ የማስተርስ ትምህርቶቻቸው የመግቢያ ፈተና ሳይጠይቁ በዲግሪ ውጤትና በእንግሊዝኛ ችሎታ ይቀበላሉ፤ በእነርሱ ዘንድ ከባዱ ጉዳይ የትምህርት ክፍያው ነው።

ሦስተኛው ጌት በሚል ምህጻር የሚታወቀው የህንድ የኢንጂነሪንግ ድህረ ምረቃ መመዘኛ ነው። ይህን ፈተና የባንጋሎሩ የህንድ ሳይንስ ኢንስቲትዩትና ሰባት የህንድ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቶች በየዓመቱ ተራ እየተቀያየሩ ያዘጋጁታል። ለ2017 እ.ኤ.አ. በሩርኪው ኢንስቲትዩት የተዘጋጀው ፈተና ከህንድ ውጭ ከተሰጠባቸው አገሮች መካከል ኢትዮጵያና የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ይገኙበት ነበር። የፈተና ከተሞች ዝርዝር ከዓመት ዓመት ስለሚለዋወጥ አመልካቹ የዘመኑን ማስታወቂያ ሳያይ ጥናት መጀመር የለበትም።

ኢንጂነሩን የሚጥሉ ቀላል ጥያቄዎች

ጂአርኢ ከመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አጥሮ 1 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ያህል የሚወስድ ሆኗል። አንድ ጽሑፍ በ30 ደቂቃ፣ 27 የቋንቋ ጥያቄዎች በ41 ደቂቃ፣ 27 የቁጥር ጥያቄዎች ደግሞ በ47 ደቂቃ ይሠራሉ። የቋንቋውና የቁጥሩ ክፍል እያንዳንዳቸው ከ130 እስከ 170፣ ጽሑፉ ከ0 እስከ 6 ይታረማሉ፤ ውጤቱም ለ5 ዓመት ያገለግላል። እነዚህ አኃዞች ለአንድ የቁጥር ጥያቄ በአማካይ 1 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ገደማ እንደሚደርስ ያሳያሉ። በተጨማሪም በቋንቋውም በቁጥሩም የሁለተኛው ንዑስ ክፍል ክብደት ተፈታኙ በመጀመሪያው ባስመዘገበው ውጤት ስለሚወሰን፣ መጀመሪያ ላይ በግዴለሽነት የሚጠፋ ነጥብ የኋላውን ዕድል ያጠባል።

የቁጥሩ ክፍል የሚጠይቀው አርቲሜቲክ፣ አልጀብራ፣ ጂኦሜትሪና የመረጃ ትንተና ሲሆን፣ ካልኩለስና ትሪጎኖሜትሪ አይገቡበትም። በአፕላይድ ማትማቲክስ ሦስት ኮርሶች ያለፈ ኢንጂነር ይህን ሲሰማ ፈተናውን መናቁ የተለመደ ነው፤ ነጥብ የሚያጣውም እዚሁ ላይ ነው። ለምሳሌ የአንድ ቁጥር ካሬ 9 ነው ተብሎ ቁጥሩን ከ3 ጋር እንዲያወዳድር የተጠየቀ ተፈታኝ ቸኩሎ እኩል ናቸው ብሎ ሊመልስ ይችላል። ቁጥሩ ግን ኔጌቲቭ 3 ሊሆን ስለሚችል ትክክለኛው መልስ ከተሰጠው መረጃ መወሰን አይቻልም የሚለው ነው። የዚህ ዓይነት ጥያቄዎች የመጠን ንጽጽር ይባላሉ። በሥራ ቦታ ርዝመትና ክብደት ሁልጊዜ ፖዘቲቭ ቁጥር ሆነው ስለሚገኙ፣ የኢንጂነሩ ልማድ ዜሮን፣ ክፍልፋይንና ኔጌቲቭ ቁጥርን ይዘነጋል፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ንጽጽር ላይ እነዚህን ሦስቱን መሞከር መታወስ ያለበት የመጀመሪያው ደንብ ነው።

ጌት ደግሞ የተለየ ባሕርይ አለው። በ3 ሰዓት 65 ጥያቄዎች ቀርበው ከ100 ይታረማሉ፤ ከዚህ ውስጥ 15ቱ ነጥብ ለጠቅላላ ችሎታ የተመደበ ሲሆን፣ በአብዛኞቹ የኢንጂነሪንግ ዘርፎች 13 ነጥብ ያህል ለኢንጂነሪንግ ሒሳብ፣ የቀረውም ለሙያው ትምህርት ይውላል። እዚህ ላይ ሊኒየር አልጀብራ፣ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን፣ ፕሮባቢሊቲና ኑሜሪካል ሜተድ ተመልሰው ይመጣሉ፤ የኢትዮጵያ ተማሪዎች በሚያውቁት በክሬይዚግ የከፍተኛ ኢንጂነሪንግ ሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ ያሉት ምዕራፎችም ዳግም ይገለጣሉ።

በጌት ምርጫ ጥያቄዎች ላይ የተሳሳተ መልስ ነጥብ ያስቀንሳል። የ1 ነጥብ ጥያቄ ቢሳሳቱ የአንድ ሦስተኛ፣ የ2 ነጥብ ቢሳሳቱ የሁለት ሦስተኛ ነጥብ ይነሳል። ከአራት ምርጫዎች አንዱን በጭፍን የሚመርጥ ሰው ከአራት ጊዜ አንዱን አግኝቶ ሦስቱን ስለሚስት፣ ያገኘው 1 ነጥብ በሦስት ስሕተቶች ቅናሽ ተመልሶ ይወሰዳል፤ ትርፉ ዜሮ ነው። ከአራቱ አንዱ ምርጫ ስሕተት መሆኑን በርግጠኝነት ለይቶ ያስወገደ ሰው ግን ከሦስት ጊዜ አንዱን አግኝቶ ሁለቱን ስለሚስት፣ በሦስቱ ጥያቄዎች ላይ የአንድ ሦስተኛ ነጥብ ትርፍ ይቀርለታል። በጂአርኢ ላይ ስሕተት ነጥብ ስለማያስቀንስ ማንኛውም ጥያቄ ባዶ መተው የለበትም። ስለዚህ የፈተናውን የነጥብ አሰጣጥ ማወቅ ራሱ የጥናቱ አንድ ክፍል ነው።

ሰዓቱ ከየት ይመጣል?

በኤምሬቶች የሥራ ሕግ መሠረት መደበኛው የሥራ ጊዜ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። በሳምንት ስድስት ቀን እየሠራ ከሻርጃ ወይም ከአጅማን የሚመላለስ ሰው በመንገድ ላይ በቀን ሁለት ሰዓት ያጠፋል ቢባል፣ የሳምንቱ 168 ሰዓት እንዲህ ይከፋፈላል፦ 48 ለሥራ፣ 12 ለመንገድ፣ 56 ለእንቅልፍ። የቀረው 52 ሰዓት ምግብ ማብሰያው፣ ልብስ ማጠቢያው፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ መሄጃውና ለቤተሰብ መደወያው ነው። ከዚህ ላይ 12 ሰዓት ብቻ ለጥናት ቢነጠል በ16 ሳምንት 192 ሰዓት ይሆናል፤ መሠረት ላለው ኢንጂነር ለአንድ የመግቢያ ፈተና ይህ በቂ መነሻ ነው። ሥሌቱ የሚያሳየው ችግሩ የሰዓት አለመኖር ሳይሆን ሰዓቱ አስቀድሞ ስም ያልተሰጠው መሆኑን ነው፤ ለጥናት ያልተመደበ ሰዓት ስልክ ሲነካኩ ያልፋልና።

መንገዱም በከንቱ መቅረት የለበትም። ከቡር ዱባዩ አል ጉበይባ ጣቢያ ወደ ሻርጃ የሚሄደው አውቶቡስ በትራፊክ መጨናነቅ ሲቆም ወረቀት ዘርግቶ ሒሳብ መሥራት ባይቻልም፣ የእንግሊዝኛ ቃላትንና የሒሳብ ቀመሮችን ከካርድ ላይ መከለስ ይቻላል። ከባዱ ሥራ፣ ማለትም ሞዴል ፈተናን በተወሰነለት ሰዓት ሳይቋረጡ መሥራት፣ ለዕረፍት ቀን ጠዋት መቀመጥ አለበት።

ቤድ ስፔስ ውስጥ ጸጥታ ማግኘት ከባድ ስለሆነ ቦታውም ሊታሰብበት ይገባል። በሰኔ 2022 እ.ኤ.አ. በአል ጃዳፍ የተከፈተው፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ መጻሕፍትን የያዘው የመሐመድ ቢን ራሺድ ቤተ መጻሕፍት ከቡር ዱባይ በሜትሮው አረንጓዴ መስመር ይደረሳል፤ ክሪክ የተባለው የመጨረሻ ጣቢያም በአቅራቢያው ነው። ሻርጃ ላሉት ደግሞ ከተማዋ በ2019 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም የመጻሕፍት ዋና ከተማ ከተባለች በኋላ የተከፈተው የጥበብ ቤት የተሰኘው ቤተ መጻሕፍት አለ።

ሕጉ የሚሰጣቸውን ዕድሎች ማወቅም ይጠቅማል። አንድ ዓመት የሠራ ሠራተኛ በዓመት 30 ቀን ፈቃድ ስላለው ከፈተናው በፊት ያለውን ሳምንት ለዚያ ማዋል ይችላል። ሕጉ ለፈተና የሚፈቅደው የ10 ቀን የትምህርት ፈቃድ ግን የአገሪቱ ዕውቅና ባለው ተቋም ተመዝግቦ ለሚማርና ቢያንስ ሁለት ዓመት ለሠራ ሰው የተሰጠ በመሆኑ፣ ለመግቢያ ፈተና ብቻ የሚዘጋጅን ሰው አይመለከትም። በረመዳን የሥራ ሰዓቱ በቀን በሁለት ሰዓት ስለሚቀንስ፣ ጾምና ጸሎት ላለባቸው ሙስሊሞች ወሩ የዒባዳ ጊዜ ቢሆንም ለሌሎች 50 ሰዓት ያህል ትርፍ ጊዜ ያስገኛል።

ደጋግሞ ማንበብና ደጋግሞ መጠየቅ

የዛገውን ዕውቀት ለመመለስ የሚደረገው በጣም የተለመደ ስሕተት የድሮ ሃንድአውትን ከመጀመሪያ ገጽ ጀምሮ ማንበብ ነው። ማንበቡ አውቀዋለሁ የሚል ስሜት ይፈጥራል፤ ፈተናው ግን ሲያዩት ማስታወስን ሳይሆን ሳያዩት ማውጣትን ይጠይቃል። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። አንድ ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ያነበቡ ተማሪዎች ከአንድ ሳምንት በኋላ 42 በመቶውን ሲያስታውሱ፣ አንድ ጊዜ አንብበው ሁለተኛውን ጊዜ ራሳቸውን በመፈተን ያሳለፉት 56 በመቶውን አስታውሰዋል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ በተደረገው ልኬት ግን ደጋግመው ያነበቡት ይበልጡ ነበር፤ ተማሪዎች በማንበብ የሚታለሉትም ውጤቱን ወዲያውኑ ስለሚለኩት ነው።

የኢትዮጵያ የአብነት ትምህርት ቤት ይህን ከረጅም ዘመን ጀምሮ በተግባር ያውቀዋል። ተማሪው የተማረውን ከብራና ላይ ማንበቡ አይበቃም፤ ሳያይ በቃሉ ለመምህሩ ማሰማት ይጠበቅበታል፤ ካልወጣውም ተመልሶ ያጠናል። ለመግቢያ ፈተና የሚዘጋጅ ኢንጂነርም ይህንኑ መንገድ ሊከተል ይገባል። ከጥናቱ በፊት አንድ ሙሉ ሞዴል ፈተና ሠርቶ ደካማ ጎኑን ይለያል፤ ከዚያም በትንሽ ድካም ብዙ ነጥብ ከሚያስገኘው ይጀምራል። የሚስታቸውን ጥያቄዎች በአንድ የስሕተት ደብተር ላይ ከምክንያቱ ጋር ይጽፋል፤ ምክንያቱ አለማወቅ ነው፣ መቸኮል ነው፣ ወይስ የእንግሊዝኛውን ዓረፍተ ነገር አለመረዳት የሚለውን ይለያል፤ እነዚያኑ ጥያቄዎችም ከሦስት ቀን፣ ከሳምንት፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሳያይ መልሶ ይሠራቸዋል። የስሕተት ደብተሩ ከማንኛውም የሚገዛ መጽሐፍ ይልቅ ለባለቤቱ የተዘጋጀ መጽሐፍ ነው።

የቋንቋው ክፍል ብዙ ኢንጂነሮች ትኩረት የሚነፍጉት ነው፤ ይሁንና በኢትዮጵያም ሆነ በጂአርኢ ፈተና የቋንቋ ማመዛዘን ራሱን የቻለ ነጥብ አለው። የቃላትን ዝርዝር ብቻ መሸምደድ አይበቃም፤ ጥያቄዎቹ ቃሉ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ያለውን ዝምድና ስለሚጠይቁ፣ በየቀኑ አንድ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አንብቦ ዋና ሐሳቡን በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ የተሻለ ልምምድ ነው። ለ30 ደቂቃው ጽሑፍም አቋምን በመጀመሪያው አንቀጽ ማስቀመጥ፣ በሁለት ወይም በሦስት ምሳሌ ማስረዳት፣ ተቃራኒውን ሐሳብም አንስቶ መመለስ ያስፈልጋል፤ የሳይት ሪፖርት መጻፍ የለመደ ኢንጂነር ይህን ቅርጽ ለመያዝ አይቸገርም።

ከፈተናው በፊት መዘጋጀት ያለባቸው ወረቀቶች

ጥሩ ውጤት ያመጣ ሰው በሰነድ ምክንያት ዓመት ሊያልፈው ይችላል። በወጪ መጋራት ደንቡ መሠረት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተመራቂ የሚጠበቅበትን ድርሻ ካልከፈለ ወይም በአገልግሎት ካልተካ ኦፊሺያል ትራንስክሪፕቱን አያገኝም፤ ኤምሬቶች ውስጥ ያለ ሰው ይህን በውክልና ለማስፈጸም ረጅም ጊዜ ስለሚወስድበት ጉዳዩን ከጥናቱ ጋር ጎን ለጎን መጀመር አለበት። ዲግሪው በኤምሬቶች ውስጥ እንዲያገለግልም በኢትዮጵያ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ቀጥሎም አዲስ አበባ ባለው የኤምሬቶች ኤምባሲ መረጋገጥ ይኖርበታል።

ሌላው በኢትዮጵያውያን ላይ የሚበረታ ችግር የስም ነው። ለፈተና ሲመዘገቡ የሚጻፈው ስም ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል መመሳሰል አለበት። የአማርኛ ስሞች ወደ ላቲን ፊደል ሲገለበጡ ግን በተለይ «ቀ»፣ «ጸ» እና «ጨ» ያለባቸው በዲግሪው ላይ አንድ ዓይነት፣ በፓስፖርቱ ላይ ሌላ ዓይነት ሆነው ይገኛሉ፤ የአያት ስምም በአንዱ ሰነድ ኖሮ በሌላው ይጎድላል። ይህን ልዩነት አስቀድሞ ያላስተካከለ ሰው በፈተናው ቀን ከበር ሊመለስ፣ ወይም ውጤቱ ከዲግሪው ጋር አልገጠመም ሊባል ይችላል። የእንግሊዝኛ ችሎታ ውጤቶች፣ ማለትም አይኤልትስና ቶፍል፣ ለሁለት ዓመት ብቻ ስለሚያገለግሉም ከማመልከቻው ጊዜ ብዙ ቀድሞ መፈተን ትርፍ የለውም።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ አንድ ነው። የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ካምፓስ ውስጥ ለተቀመጠ ተማሪም ሆነ ከሥራ ደክሞ ወደ ሻርጃ ለሚመለስ ሠራተኛ የሚያቀርበው ጥያቄ ያው ነው፤ ዕረፍቱን ከፍሎ ለሚዘጋጀው ሠራተኛ ግን ዋጋው ይከብዳል። ዋጋው መክበዱም ዝግጅቱን እንዲተው ሳይሆን በጥንቃቄ እንዲያቅደው ሊያደርገው ይገባል። በቡር ዱባይ፣ በሻርጃና በአጅማን ያሉ ኢትዮጵያውያን ኢንጂነሮች ተሰብስበው በሳምንት አንድ ጠዋት አብረው ሞዴል ፈተና ቢሠሩ፣ ፈተናውን ያለፉትም የስሕተት ደብተራቸውን ለሚከተሏቸው ቢያወርሱ፣ ብቻውን የሚታገል ወጣት ከእንግዲህ ብቻውን አይሆንም። አምስት ዓመት የተማረ አእምሮ ከሙያው ተለይቶ እንዳይቀር የመጀመሪያው እርምጃ በዚህ ሳምንት አንድ ሰዓት ለይቶ ሞዴል ፈተናን መጀመር ነው።